ጨረታው ክፍት የነበረ ሰሞን

የመንግሥት ግዢ ባለሙያዎች ማኅበር የካልጋሪ ቅርንጫፍ፣ እኛ በአጭሩ ቻፕተር የምንለው፣ በወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዳውንታውን አንድ ሆቴል ውስጥ ይሰበሰባል። ቁርስ አለ፤ እንቁላልና የተቆራረጠ ሐብሐብ። ከቁርሱ በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ አዲስ የንግድ ስምምነት፣ ወይም ስለ እሳት አደጋ መኪና ግዢ፣ ወይም የነዳጅ ዋጋ ሲዋዥቅ ውል እንዴት እንደሚስተካከል ይናገራል። የውጭ ሰው ቢሰማ ያንቀላፋል። እኔ ግን እወደዋለሁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሥራዬ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

የቻፕተሩን ወርኃዊ ዜና የምጽፈው እኔ ነኝ። ማን ፈተና አለፈ፣ ማን ጡረታ ወጣ፣ ማን ከማዘጋጃ ቤት ወደ ትምህርት ቦርድ ተዛወረ፣ በሚቀጥለው ወር ማን ይናገራል። ባለቤቴ አንድ ቀን አንብቦት ሲጨርስ፣ ሰው ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው አለኝ። ቀልዱን ነበር፣ ግን ልክ ነው። ዜናችን ከዚያ ብዙም አያልፍም።

በሐበሻው መካከል ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት የሠሩ ትልልቅ ሰዎች «ግዢ ክፍል ነው የምሠራው» ስላቸው ፈገግ ይላሉ። ፈገግታው ምን ማለት እንደሆነ እነሱም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። እዚህ አገር አንድ የቢሮ ወንበር ለመግዛት እንኳ ስንት ሰው እንደሚፈርም ብነግራቸው አያምኑኝም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰውዬ ወደ ጥግ ወስዶ የወንድሙን ልጅ የበረዶ ጠረጋ ድርጅት «እስቲ እዪለት» ብሎኛል። ጨረታ የሚወጣበትን ድረ ገጽ ነገርኩት። የሚፈልገው እሱን አልነበረም፤ ቅር ብሎት ሄደ።

ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃኝ የማታውቀው አበልጄ ነበረች።

ሁለታችንም አዲስ መጤ በነበርንበት ጊዜ ዳውንታውን አንድ ሕንጻ አብረን አጽድተናል። እሷ ቫኪዩም ትገፋለች፣ እኔ የቆሻሻ ቅርጫት እገለብጣለሁ፤ ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ደግሞ ያየነውን ሁሉ እናወራለን። በኋላ እኔ ኮሌጅ ገባሁ። እሷ እዚያው ሥራ ላይ ቆየችና ሱፐርቫይዘር ሆነች፣ ቀጥሎ አንድ ቫን ገዝታ የራሷን የጽዳት ድርጅት አቋቋመች። ልጄ ስትወለድ ክርስትና ያነሣቻት እሷ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም እሷን በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ እሷም እኔን። አበልጄ እንባባላለን። ታራዴል የሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ሆና ኖራ፣ ድርጅቷ ሲያድግ ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለችው ቸስተርሚር ከተማ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ አዲስ ቤት ገዛች። ርቀቱ ምንም አልለወጠም። ቅዳሜ ወይ እኔ እሷ ጋ ነኝ፣ ወይ እሷ እኔ ጋ።

አንድ መኸር ላይ የእኛ መሥሪያ ቤት ለሕንጻዎቹ ጽዳት ጨረታ አወጣ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ ዕቃ መኪና ላይ እየጫንኩ ስልኬ ጮኸ። አበልጄ ናት። ድምፅዋ ላይ ደስታ ነበር።

«የእናንተን ጨረታ አየሁት» አለችኝ። «ልገባበት ነው።»

ከእጄ ላይ ያለውን ካርቶን አስቀመጥኩ። «ስሚኝ አበልጄ፣ ከአሁን በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ነገር እንዳትነግሪኝ» አልኳት።

ሳቀች። ምን ነገርኩሽ፣ እገባለሁ ብቻ ነው ያልኩት አለች። እሱንም ባትነግሪኝ ይሻል ነበር አልኳት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ምን ያህል ደረቅ እንደነበረ ተሰማኝ፤ ግን እውነት ስለነበረ አልመለስኩትም።

ሰኞ ጠዋት ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ከተጫራቾቹ አንዷ የልጄ ክርስትና እናት ናት አልኩት። የክርስትና እናት ሲባል ምን ያህል ዝምድና እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ከእህት አይለይም አልኩት። ጥሩ ሰው ነው፣ አልተቆጣም። ተጫራቾችን ከሚገመግመው ቡድን አወጣኝ፤ ሰነዶቹ ያሉበትንም ፋይል እንዳልከፍት አስዘጋብኝ። ጨረታ ክፍት በሆነበት ጊዜ ተጫራች ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ጋር መነጋገር የሚችለው በሰነዱ ላይ በተጠቀሰው አንድ ሰው በኩል ብቻ ነው። ይህን ለሌሎች ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ። አለቃዬ ግን ሌላም ጨመረ። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ በተቻለሽ መጠን ከእሷ ራቂ አለኝ።

ማታ ደውዬ ነገርኳት። ለጥቂት ሳምንታት ነው አልኳት። ሰው እንዳያወራብሽ፣ ብታሸንፊ በእኔ አሸነፈች እንዳይባል ነው አልኳት።

«የፈራሽው ለእኔ ነው ለራስሽ?» አለችኝ መጨረሻ ላይ።

«ለሁለታችንም ነው።»

«እሺ» አለችና ዘጋችው። እሺ ብዙ ዓይነት ነው። ያ ደግሞ በር ሲዘጋ የሚሰማው ዓይነት እሺ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ረዘሙብኝ። ቤተ ክርስቲያን በሴቶች በኩል ስንቆም በመካከላችን ሁለት ሦስት ሰው እንዲኖር እናደርጋለን። ቅዳሴ ሲያልቅ በዓይን ሰላም ተባብለን እንለያያለን። ልጄ ክርስትና እናቷ ጋ መሄድ ስላልተወች ባለቤቴ ነበር የሚያደርሳት፤ እኔ መኪናው ውስጥ እንኳ አልገባም። አንድ ቀን ስትመለስ ጫማዋን እያወለቀች «ማሚ፣ ላይክ፣ ዲቮርስ ያደረጋችሁ ነው የምትመስሉት» አለችኝ። ባለቤቴ ሳቀ። እኔ ወጥ ማማሰሌን ቀጠልኩ። እሷ ጋ ምን እንደተወራ ልጄን አልጠየቅኳትም። መጠየቅም አልነበረብኝም፤ ያም ራሱ ከበደኝ።

በዚሁ መካከል የቻፕተሩ ፕሬዚዳንት ማክሰኞ ቁርስ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ለሕዝብ መሥሪያ ቤቶች ቧንቧና መኪና ስትገዛ የኖረች፣ ጡረታ ሊወጡ ከተቃረቡት አንዷ ናት። ቡና አትጠጣም፤ የፈላ ውኃ ብቻ ይዛ ትዞራለች። በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ሥነ ምግባር የሚሰጠውን ክፍለ ጊዜ እኔ እንድመራው ፈለገች። ከመጽሐፍ አታንብቢልን፣ የደረሰብሽን ነገር ንገሪን አለችኝ። የደረሰብኝ ነገር የለም አልኳት። እሷም ካሰብሽበት አይጠፋም ብላ ውኃዋን ይዛ ተነሣች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ደወሉልኝ። እሳቸው ሲደውሉ ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ።

«ልጄ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?» አሉኝ።

ቢሮ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ቁጭ በይ አሉኝ። የአበልጅሽ እናት አዲስ አበባ አርፈዋል፣ ቀብሩም ተፈጽሟል፤ ባለቤቷ ያውቃል፣ እሷ አልሰማችም፤ ቅዳሜ ጠዋት በማለዳ መርዶዋን እንነግራታለን አሉኝ። ቀጥለውም የሁሉም ሰው ሥራ እንደተከፋፈለ ሁሉ የእኔን ነገሩኝ።

«ከፊት የምትገቢው አንቺ ነሽ። የምትይዣትም አንቺ ነሽ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ምነው ድምፅሽ አሉኝ፤ ደንግጬ ነው አልኳቸው። ውሸት አልነበረም። ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ። አንድ ዓመት ካልጋሪ መጥተው ከርመው ነበር። በረዶውን ጠልተው ቤት ውስጥ ሲታሰሩ የሚያስደስታቸው አንድ ነገር ነበር፤ አውሮፕላን ሲያርፍ ማየት። የእኔ ቤት ለኤርፖርቱ ስለሚቀርብ በመኪና ወስጄ ከአጥሩ አጠገብ አቆምላቸዋለሁ፣ ሂተሩን ከፍ አደርግላቸዋለሁ፤ አንቱ አይሰለችዎትም ወይ ስላቸው፣ ይኼኛው ከየት ይሆን የመጣው ይሉኛል።

ባለቤቴ ነገሩን ስነግረው ይሄ ደግሞ ምን ያጠያይቃል አለ። ለእሱ ጥያቄም አልነበረም። ለእኔ ግን ነበር። መሄዴን አልጠራጠርም፤ ግን ስሄድ ምን አድርጌ መሄድ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ጨረታው ተዘግቶ ግምገማ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከተጫራቿ ቤት ሦስት ቀን ልቀመጥ ነው፤ ሠራተኞቿ ሁሉ ባሉበት። አለቃዬ ዕረፍት ላይ ስለነበር ስልኩ ዝግ ነው። ዓርብ በምሳ ሰዓት ለቻፕተሩ ፕሬዚዳንት ደወልኩላት።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። መጀመሪያ መርዶ ምን እንደሆነ በደንብ እንዳስረዳት ጠየቀችኝ። ሰው በሩቅ አገር ሲሞትበት ብቻውን በስልክ እንዲሰማ አይደረግም፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ ቤቱ ሄዶ ይነግረዋል፣ ከዚያም አብሮት ይቀመጣል አልኳት።

«ስንት ሰው ይኖራል?» አለችኝ።

«ቤቱ አይበቃም፤ ደጅ የሚቆም ሰው ይኖራል።»

«እንግዲያው ከዚያ ቤት የበለጠ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቦታ የለም» አለች። «ሂጂ። ግን ከመሄድሽ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ ለአለቃሽ ጻፊለት፤ ከተመለስሽ በኋላ እንዳይሆን። ስለ ጨረታው የሚያነሣ ሰው ካለ ተነሥተሽ ከክፍሉ ውጪ።»

አመሰገንኳት። ልዘጋ ስል ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። «ሥራዋ ጥሩ ነው?» አለችና ወዲያው «አይ፣ አትመልሺልኝ» አለች። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል ሁለታችንም ሳቅን።

ለአለቃዬ አጭር ኢሜይል ጻፍኩ፤ የት እንደምሄድ፣ ለምን እንደምሄድ፣ ምን እንደማላወራ። በዕረፍቱ ጊዜ ለሚተካውም ሰው ላክሁለት።

ቅዳሜ ማለዳ ገና ጨለማው ሳይለቅ ቸስተርሚር ደረስን። ሰዉ መኪናውን እሷ በመስኮት እንዳታይ ራቅ አድርጎ አቁሞ በእግሩ ይመጣ ነበር። ጥቁር ካፖርትና ነጠላ የለበሰ ሰው ሁሉ በዚያ በአዲሱ ሰፈር በረዶ ላይ ድምፅ ሳያሰማ ሲሄድ፣ ውሻ ይዞ የወጣ አንድ ጎረቤት ቆሞ ተመለከተን። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላምታ ሰጡት። እሱም ምን እንደሆነ ሳይገባው ባርኔጣውን አወለቀ።

ባለቤቷ በሩን ከፈተልን። ሳሎን ገብተን ቆምን። እኔ እንደታዘዝኩት ከፊት ነኝ። እሱ ደረጃው ሥር ሆኖ ጠራት፤ አንዴ ነይ አላት። ከላይ የእግሯ ድምፅ ተሰማ። በፒጃማዋ ላይ ሹራብ ደርባ፣ ፀጉሯን በአንድ እጇ እየሰበሰበች ደረጃውን ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ከኋላዬ ያለውን ሰው ገና አላየችም። ቆመች።

«አንቺ ከመጣሽማ...» አለች።

ሽማግሌው የሚሉትን አዘጋጅተው ነበር፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ነገሩ አልቆ ነበር። ያን ያህል ሳምንት ደጇን ሳልረግጥ ቆይቼ በዚያ ማለዳ ሳሎኗ ቆሜ ስታየኝ ገባት። መርዶው እኔ ሆንኩ። ወደ ደረጃው ሮጥኩና ከመውደቋ በፊት ያዝኳት። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልን፤ ራሷ ትከሻዬ ላይ ነበር። «ማንኛቸው ናቸው?» አለችኝ በሹክሹክታ። አባቷም በሕይወት ነበሩ። «እማማ ናቸው» አልኳት። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ የቀረውን ነገሯት፤ እንዴት እንዳረፉ፣ የት እንደተቀበሩ። የሰማችው አይመስለኝም።

ሦስቱን ቀን እዚያው ነበርኩ። የቻፕተር ሰው ቢያየኝ የማውቀውን ሥራ ሁሉ እንደረሳሁ ያስብ ነበር። ወንበር አስተካክላለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ፣ ደጅ በረዶ እጠርጋለሁ። እኔና አበልጄ ብዙ አላወራንም። አጠገቧ ስቀመጥ እጄን ትይዛለች፤ ሰው ሲመጣ ትለቀኛለች፣ ሲሄድ መልሳ ትይዘኛለች።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ድርጅቷ ውስጥ የሚሠራ የባሏ ዘመድ፣ ክፋት የሌለው ሰው፣ ወሬ ለማንሣት ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ያ የእናንተ ነገር መቼ ነው የሚታወቀው አለኝ። ተነሥቼ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ማድ ቤት ሆኜ የአበልጄን ድምፅ ሰማሁ። ሲያለቅስ የሰነበተ፣ የሻከረ ድምፅ ነው።

«እሷን ተዋት» አለችው። «እዚህ የመጣችው ለእናቴ ነው።»

ውኃውን ከፍቼ ምንም ያልቆሸሸ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ።

ውጤቱን እኔም እንደማንኛውም ሰው ድረ ገጹ ላይ አየሁት። አላሸነፈችም። አንድ ሌላ ድርጅት ነው ያሸነፈው። ያንን ገጽ አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ምን እንደተሰማኝ በትክክል መናገር ይከብደኛል። አዘንኩላት፤ ግን ቀለለኝም። ቀለለኝ ስል እፍረት ቢጤ ይሰማኛል፤ ቢሆንም ቀለለኝ።

የተሸነፈ ተጫራች ለምን እንደተሸነፈ እንዲነገረው መጠየቅ ይችላል። አበልጄ ጠየቀች። እኔ የሌለሁበት ስብሰባ ነበር፤ የሥራ ባልደረቦቼ አነጋገሯት። ነገሩ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቸስተርሚር ሄድኩ። ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሰዎች ላዩ ላይ ይንሸራተቱ ነበር። በመስኮት እያየን ተቀመጥን። ጥቁሯን አላወለቀችም። ስለ እናቷ ብዙ አወራን። ከዚያ ራሷ አነሣችው።

ሰዎቹ ጨዋ ነበሩ አለች። የሥራ ዕቅድሽ አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ ሕንጻውን እንዴት እንደምታጸጂው፣ ሠራተኛ ከሥራ ቢቀርብሽ ምን እንደምታደርጊ፣ የምትጠቀሚበት ኬሚካል ምን እንደሆነ አልጻፍሽም አሏት።

«ይህን ሁሉ እኮ በየቀኑ አደርገዋለሁ» አለችኝ። «መጻፍ እንዳለብኝ ነው ያላወቅኩት። ጥሩ አጸዳለሁ ብዬ ጻፍኩላቸው።»

እኔ ላስተምርሽ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ለብቻዋ ባስተምራት ለሚቀጥለው ጨረታ ምን ልል ነው? እሷም ፊቴን አይታ ገባት መሰለኝ፣ ምንም እንዳትዪኝ አለችና ፈገግ አለች። እናቷ ከሞቱ በኋላ ያየሁት የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር። «ካስተማርሽማ ሁሉንም አስተምሪ» አለችኝ።

የሥነ ምግባሩ ክፍለ ጊዜ ላይ ለቻፕተሩ የተናገርኩት ይህንኑ ታሪክ ነው፤ ማን እንደሆነችና የትኛው ጨረታ እንደሆነ ሳልናገር። በየጠረጴዛው ያለው ሰው በሐሳብ ተከፋፈለ። አንዱ ወጣት አበባ ልኮ መቅረት ይቻል ነበር አለ። አንዲት ሴት ከአለቃ መልስ ሳይመጣ መሄድ አልነበረብሽም አለችኝ፤ በዚህ ነጥብ ላይ እውነት ነበራት፤ እኔም አልተከራከርኳትም። ከደቡብ አልበርታ ትንሽ ከተማ የመጣ አንድ ሰው ደግሞ እኛ ጋ ጠጠር የሚሸጠው ሁሉ የአንድ ሰው አጎት ነው፣ በናንተ ሕግ ከሆነ የማንንም ቀብር አንሄድም አለ። ፕሬዚዳንቷ የፈላ ውኃዋን ይዛ ከኋላ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ማን ልክ እንደሆነ አልተናገረችም። ሰዓቱ ሲያልቅ እኔ እጄን አነሣሁና ሐሳብ አቀረብኩ። አነስተኛ ድርጅቶች ለጨረታ መልስ እንዴት እንደሚጻፍ የሚማሩበት፣ ለማንም ክፍት የሆነ ስልጠና ቻፕተሩ ያዘጋጅ፤ ሆቴል ሳይሆን እነሱ በሚኖሩበት ሰፈር ይሁን አልኩ። ብዙ እጅ ተነሣ። አበባ ይላክ ያለው ወጣት ራሱ ስላይዶቹን እሠራለሁ አለ።

በጸደይ ሞንተሬይ ፓርክ በሚባለው ሰፈር አንድ የሰፈር አዳራሽ ተከራየን። ስንት ሰው እንደሚመጣ ስለማናውቅ ወንበሩን በጥቂቱ ነበር የደረደርነው፤ ኋላ ላይ ከመጋዘን እያወጣን ጨመርን። በረዶ የሚጠርጉ፣ ምግብ የሚያቀርቡ፣ አስተርጓሚዎች፣ የቀለም ቀቢ ድርጅት ያላቸው ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ያ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የወንድሙን ልጅ ነገር «እዪለት» ያለኝም ሰውዬ የወንድሙን ልጅ ይዞ መጣ። አበልጄ ሦስት ሌሎች ሴቶች አስከትላ ገብታ መሐል ላይ ተቀመጠች። እኔን እንደማንኛውም አስተማሪ በእንግሊዝኛ ሰላም አለችኝ። ገለጻው መሐል ላይ እጇን አውጥታ ጥያቄ ጠየቀች፤ አስቸጋሪ ጥያቄ ነበር። አላውቀውም፣ አጣርቼ ለሁላችሁም እልካለሁ አልኳት። እስከ ዛሬ ይህን ታነሣብኛለች።

በሚቀጥለው ዓመት ከከተማው ወጣ ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ ጽሕፈት ቤትና ቤተ መጻሕፍት የጽዳት ሥራ አገኘች። የእኛ መሥሪያ ቤት በዚያ ጨረታ ውስጥ ምንም እጅ አልነበረውም። ፕሬዚዳንቷ ጡረታ ወጥታለች፤ ሽኝቷን በዜናው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስልጠናው አሁን በየጸደዩ ይካሄዳል፤ ወንበሩን ከመጀመሪያው አብዝተን እንደረድራለን።

የእኛ መሥሪያ ቤት የጽዳት ውል ግን ማለቂያው እየደረሰ ነው፤ እንደገና ጨረታ ይወጣል። አበልጄ እንደምትገባበት ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ነግራኝ ሳይሆን ስለማውቃት። አለቃዬንም ከወዲሁ አነጋግሬዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር በእግር ስንሄድ፣ ሲወጣ ምን እናደርጋለን ብዬ ጠየቅኳት።

«ምን እናደርጋለን» አለች። «አንቺ ትርቂያለሽ፣ እኔ እገባለሁ። ልጅቷ እንደሆነ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች፣ ብቻዋን ትመጣለች።»

ቀጥላ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች፤ ጎረቤቷ ስላስቀመጠው አዲስ አጥር። ነፋሱ ሞቃት ነበር፣ በረዶው ከዳር ዳር መሟሟት ጀምሯል። መኪናው ጋ እስክንደርስ ድረስ አጥሩ ከፍታው በዛ ወይስ አልበዛም እያልን ተከራከርን።